ጨረቃዋ የማን ትምህርት ናት?

ዕቅድ ያልሞላ መምህር የለም። አዲስ አበባም ይሁን ኦክላንድ፣ የትምህርት ዘመን ሲከፈት ከተማሪው ቀድሞ ደጃፍ ላይ የሚቆመው ቅጽ ነው። በእኛ አገር ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ የሚባለውን የሞላ ሰው፣ እጁ ሳያማክረው «አጠናክሬ እቀጥላለሁ» ብሎ እንደሚጽፍ ያውቃል። ምኑን እንዳጠናከረ፣ ከየት እንደሚቀጥል ጠያቂ የለውም። ዕቅዱ ተፈርሞ ፋይል ውስጥ ይገባል፤ መምህሩም ወደ ክፍሉ ይገባል፤ ሁለቱ እስከ ሰኔ አይገናኙም።

ኒው ዚላንዶችም ከዚህ ዕዳ ነፃ አይደሉም። እነሱ ዘንድ ትምህርት የሚከፈተው በጃንዋሪ መጨረሻና በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ነው። ምድራቸው ከምድር ወገብ በታች ርቃ የምትገኝ ስለሆነች ወቅቱ ሁሉ ተገልብጦ፣ ፌብሩዋሪ የበጋ ሙቀት የሚበረታበት ወር ነው። ልጆቹ ከባሕር ዳርቻ ተመልሰው አሸዋው ከጫማቸው ሳይራገፍ መምህራኑ ግብ ለመጻፍ ይቀመጣሉ። ከ2021 ወዲህ (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱልኝ) የድሮው የሥራ አፈጻጸም ምዘና ቀርቶ «የሙያ ዕድገት ዑደት» የሚባል ነገር ተተክቷል። ማስረጃ እየቆለሉ ፋይል ማሳበጥ እንዲቀንስ ታስቦ ነው። ስሙ በእርግጥ ለስለስ ብሏል።

እስቲ አንዲት መምህርት በሐሳባችን እናቁም። አምስተኛ ክፍል ታስተምራለች። ቅድመ አያቶቿ ከስኮትላንድ በመርከብ የመጡ ናቸው፤ ከአገሩ ነባር ሕዝብ፣ ከማኦሪዎች፣ ወገን አይደለችም። ክፍሏ ውስጥ ግን የማኦሪ ልጆች አሉ፤ የሳሞአና የቶንጋ አሉ፤ የሕንድና የፊሊፒንስም አሉ። በቅጿ ላይ ሦስት ግብ አስፍራለች። አንደኛ፣ ማኦሪኛዋን ልታሻሽልና በየቀኑ በክፍል ልትናገረው። ሁለተኛ፣ ቴክኖሎጂን ለማስተማሪያነት ልትጠቀም። ሦስተኛ፣ የትምህርት ዓይነቶችን አቀናጅታ ልታስተምር። ሦስት ረድፍ፣ ሦስት ሣጥን፣ በስተቀኝ ደግሞ «የሚከናወንበት ጊዜ» የሚል ዓምድ።

መምህርቷን የፈጠርኳት እኔ ነኝ፤ ግቦቿን ግን አልፈጠርኳቸውም። የአገሩ መምህራን ምክር ቤት በ2017 ስድስት የሙያ መስፈርቶችን ሲያወጣ ቁጥር አንድ ላይ ያስቀመጠው የክፍል ሥርዓትን ወይም የፈተና አወጣጥን አይደለም፤ የዋይታንጊን ውል ነው። ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1840 የማኦሪ አለቆችና የእንግሊዝ ዘውድ ወኪል የተፈራረሙት ውል ማለት ነው። ለአበሻ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። እንደ ውጫሌ ሁሉ የዋይታንጊ ውልም በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ እንደ ውጫሌ ሁሉ ሁለቱ ቅጂዎች አይስማሙም፤ የማይስማሙትም እንደ ውጫሌ ሁሉ ሥልጣኑ የማን ነው በሚለው ላይ ነው። እኛ ክርክሩን አድዋ ላይ ዘጋነው። እነሱም ተዋግተዋል፤ ማኦሪዎች ብዙ መሬት ተነጥቀዋል፤ ክርክሩ ግን አልተዘጋም። እየተንከባለለ መጥቶ ዛሬ አንዲት አምስተኛ ክፍል የምታስተምር ሴት ማክሰኞ ጠዋት በምን ቋንቋ «ቁጭ በሉ» እንደምትል ይወስናል።

ሁለተኛው ግብ ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ ከ1ኛ እስከ 10ኛ ክፍል የዲጂታል ቴክኖሎጂ ትምህርት ግዴታ ከሆነ በኋላ የመጣ ነው። ያ ዓመት በወረርሽኝ ትምህርት ቤቶች የተዘጉበት ዓመት ስለነበረ ብዙ መምህር ቴክኖሎጂን የተማረው ከሥርዓተ ትምህርቱ ይልቅ ከጭንቀቱ ነው፤ እሱን እንለፈው። ሦስተኛው ግብ በ2007 ከወጣው ሥርዓተ ትምህርት የተቀዳ ነው። ትምህርቱን በስምንት ዘርፍ ከፋፍሎ ካበቃ በኋላ፣ በዘርፎቹ መካከል ያለውን ዝምድና ተጠቀሙበት ብሎ ይመክራል። ከፋፍሎ አገናኙ ማለት የትምህርት ሚኒስቴሮች ሁሉ ጠባይ ነው።

ሦስቱ ግቦች ሦስት አይደሉም የሚል ሐሳብ አለኝ። ከዚያ በፊት ግን ማኦሪኛ እንዴት መምህርን የሚያስጨንቅ ቋንቋ እንደሆነ ማንሳት አለብኝ፤ በአገሩ የተወለደ ቋንቋ እንዴት በአገሩ መምህር ቅጽ ላይ «ወደፊት የምማረው» ተብሎ ይጻፋል?

በ1867 የወጣው ሕግ በማኦሪ መንደሮች የሚከፈቱ ትምህርት ቤቶች በእንግሊዝኛ እንዲያስተምሩ አደረገ። ቤቱ በማኦሪኛ አፉን የፈታ ልጅ ግቢ ውስጥ በዚያው ቋንቋ ሲጫወት ከተሰማ ይገረፍ ነበር። ይህን የተናገሩት የተገረፉት ሰዎች ራሳቸው ናቸው፤ ሸምግለው በ1980ዎቹ ለዋይታንጊ ጉዳይ አጣሪ ጉባኤ መስክረዋል። የተገረፈው ልጅ አድጎ አባት ሲሆን ልጆቹን በእንግሊዝኛ አሳደገ። ቋንቋውን ጠልቶ አይደለም፤ ልጁ እንዳይገረፍበት ነው። ቀጥሎ ከተማው መጣ። በ1945 ከማኦሪዎች 26 በመቶው ብቻ ነበር ከተማ የሚኖረው፤ በ1986 ወደ 80 በመቶ ተጠጋ። ገጠር እያለ ከጎረቤት፣ ከለቅሶ ቤት፣ ከዓሣ ማጥመጃው ዳር የሚሰማው ቋንቋ ከተማ ሲገባ የሚሰማበት ቦታ አጣ። ሕግ ያልጨረሰውን የኪራይ ቤት ጨረሰው።

ሴፕቴምበር 14 ቀን 1972 ከ30,000 በላይ ሰው የፈረመበት አቤቱታ ፓርላማ ደረሰ። አቤት ያሉት ወጣቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ ቋንቋውን ከእናታቸው ያልሰሙ። የጠየቁትም ነገር ትምህርት ቤቶች ማኦሪኛ ያስተምሩልን የሚል ነበር። መንግሥት ይገልበጥ አላሉም፤ የክፍለ ጊዜ ሠንጠረዥ ላይ ቦታ ስጡን ነው ያሉት። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1982፣ ከዌሊንግተን አጠገብ ባለችው ዋይኑዮማታ የመጀመሪያው ኮሃንጋ ሬኦ ተከፈተ። ኮሃንጋ ሬኦ የሕፃናት መዋያ ነው፤ ልዩ የሚያደርገው አያቶች ገብተው በማኦሪኛ ብቻ ሕፃናቱን ማሳደጋቸው ነው። በመካከል ያለው ትውልድ፣ ማለትም ቋንቋውን ያላገኙት እናትና አባት፣ ታለፈ። በ1994 እንዲህ ያሉት መዋያዎች 800 ደርሰው 14,000 ሕፃናት ይውሉባቸው ነበር። ይህ ሁሉ ሲጀመር የሙያ ማሻሻያ ቅጽ የሞላ ሰው ያለ አይመስለኝም።

በዚያው ዘመን ናይዳ ግላቪሽ የሚባሉ ሴት ኦክላንድ ውስጥ የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። ስልክ ሲነሣ «ኪያ ኦራ» ይላሉ፤ ከእኛ ጤና ይስጥልኝ ጋር የሚስተካከል የማኦሪ ሰላምታ ነው። በ1984 አለቃቸው በዚህ ሰላምታ እንዳይቀጥሉ አዘዙ። ግላቪሽ እምቢ አሉ፤ ከቦታቸው ተነሡ። አገር ተንጫጫ፣ ጋዜጣው ጻፈ፣ ነገሩ እስከ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሮበርት ማልዱን ደረሰ፤ በመጨረሻም ግላቪሽ ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ ቆየት ብሎ ወደ ዓለም አቀፉ የስልክ ክፍል አደጉ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1987፣ ማኦሪኛ የአገሪቱ ኦፊሴላዊ ቋንቋ ሆነ። ዛሬ «ኪያ ኦራ» የማይል የባንክ ሠራተኛ፣ የማይልም የአውሮፕላን አስተናጋጅ የለም ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ነው የመምህርቷ አንደኛ ግብ ወጥመድ የሚያጋጥመው። ሰላምታ ቀላል ነው። ሰላምታ፣ ቀለማት፣ ከአንድ እስከ አሥር ቁጥር፣ አንድ የጠዋት ጸሎት፣ አንድ መዝሙር። ልጁ አንደኛ ክፍል ገብቶ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ይላል፤ ስድስተኛ ክፍል ደርሶም ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ይላል። የአገሩ የማኦሪኛ አስተማሪዎች ደጋግመው የሚያማርሩት ይህንኑ ነው። የክፍሎቹን ግድግዳ ተመልከቱ፤ በሩ ላይ በር፣ መስኮቱ ላይ መስኮት፣ ቅርጫቱ ላይ ቅርጫት የሚል የማኦሪኛ ጽሑፍ በፕላስቲክ ተለብጦ ተለጥፏል። ፕላስቲኩ ለዓመታት አይበላሽም። የሚያነበው ልጅ ግን ሁለት ሳምንት ነው የሚያነበው፤ ከዚያ በኋላ በር በር ነው፣ ይከፈታል፣ ይዘጋል። እንዲህ የተያዘ ቋንቋ ለእንግዳ ብቻ ከቡፌ እንደሚወርድ ሲኒ ነው፤ ንጹሕ ነው፣ አልተሰበረም፣ ቡናውን ግን ቤተሰቡ የሚጠጣው በሌላ ነው።

መምህርቷን አልወቅሳትም። አርባ ደቂቃ አላት፤ ከዚያ ንባብ፣ ከዚያ ሒሳብ። ስሕተት እንዳልናገር የሚል ፍርሃትም አላት። የማኦሪ ልጅን ስም አበላሽቶ መጥራት የሚያሳፍርበት ዘመን ነው፤ ማፈሩም ይገባል። ከክፍሏ ልጆች አንዷ ደግሞ ኮሃንጋ ሬኦ ያደገች ናት እንበል። አሥር ዓመቷ ነው፤ ማኦሪኛውን ከመምህርቷ አስበልጣ ትችላለች። በብዙ ትምህርት ቤት ልጆች ሴት መምህርን «ፋኤያ» ይሏታል፤ እናት ወይም አክስት እንደ ማለት ነው፤ እኛ እትዬ እንደምንለው። አክስትየዋ ከእህቷ ልጅ ቋንቋ ስትማር ክፍሉ በሙሉ ያያል። ይህን የማይፈራ መምህር ብዙ አይደለም፤ የማይፈራው ግን በማንኛውም ሥልጠና የማይገኝ ነገር አለው።

እኔ ብሆን ሦስቱንም ግቦች ይዤ ወደ ጨረቃ እሄድ ነበር።

ማኦሪዎች ማራማታካ የሚሉት የጨረቃ መቁጠሪያ አላቸው። በእሱ የሚቆጠረው ቀን ሳይሆን ሌሊት ነው፤ እያንዳንዱም ሌሊት ስም አለው። ወሩ ዊሮ በሚባለው ጨለማ ሌሊት ይጀምርና ጨረቃ ስትሞላ ራካውኑይ ይባላል። ኮሬኮሬ የሚባሉት ሌሊቶች ገበታ የሚራቆትባቸው ናቸው፤ ዓሣ አይያዝም፣ አትልፋ ይሉሃል። ታንጋሮአ በሚባሉት ሌሊቶች ደግሞ መረብህን ይዘህ ውጣ፣ ስኳር ድንችህንም ትከል። የሌሊቶቹ ስምና ቅደም ተከተል ከነገድ ነገድ ይለያያል፤ የሰሜኑ ሰው የሚለው ከምሥራቁ አይገጥምም፤ ባሕሩም አንድ አይደለምና።

እንግዲህ ይህን ለአምስተኛ ክፍል ስጡ። ልጆቹ ለአንድ ወር በየማታው ወደ ሰማይ ያያሉ፤ ያዩትን ይሥላሉ፤ የሌሊቱን ስም በማኦሪኛ ይጽፋሉ። መጀመሪያ የሚደናገሩበት ነገር ይኖራል። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ የታተሙ የሥዕል መጻሕፍት አዲስ ጨረቃን በቀኝ ጎኗ አብርተው ይሥሏታል፤ በኒው ዚላንድ ሰማይ ላይ ግን የምትበራው በግራ ጎኗ ነው። (እኛ አገርማ ወደ ምድር ወገብ ስለተጠጋን እንደ ታንኳ በጀርባዋ ተጋድማ ነው የምትታየው።) የአሥር ዓመት ልጅ የታተመው መጽሐፍ ከዓይኑ ጋር ሲጣላ ካየ ሳይንስ ተጀመረ ማለት ነው። ቀጥሎ አጎቱን፣ አያቱን፣ ዓሣ የሚያጠምደውን ጎረቤቱን ይጠይቃል፤ ትላንት ሌሊት ስንት ያዝክ? ማኅበራዊ ትምህርቱም እዚያው አለ። የሁለት ልጆች ዝርዝር ሳይገጥም ሲቀር ደግሞ የማን ነገድ ነው፣ ከየትኛው ባሕር ነው የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ በዚህ ክርክር ውስጥ በር ላይ የተለጠፈው ቃል ያላገኘውን ሥራ ማኦሪኛው ያገኛል።

ሒሳቡ ግን ከሁሉም ይጣፍጣል። አሥራ ሁለት የጨረቃ ወር ወደ 354 ቀን ነው፤ የፀሐይ ዓመት 365። በየዓመቱ 11 ቀን ይጎድላል፤ ዝም ከተባለ የክረምቱ ወር ቀስ በቀስ በጋ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ በየተወሰነ ዓመት አንድ ወር መጨመር አለበት። ባሕረ ሐሳብ የተማረ አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ እንደሚል አውቃለሁ። ያቺ 11 የእኛ ጥንተ አበቅቴ ናት። የቆሎ ተማሪው ወንበሩን በ11 አባዝቶ በ30 ሲገድፍ የሚያሳድደው ይህንኑ ልዩነት ነው፤ የፋሲካን ቀን ለማግኘት። እዚያም ቤት በዓል የሚገኘው እንዲሁ እየታደነ ነው። ማታሪኪ የማኦሪ ዘመን መለወጫ ሲሆን ከ2022 ጀምሮ ብሔራዊ በዓል ሆኗል። በመጀመሪያው ዓመት ጁን 24 ዋለ፤ በ2023 ጁላይ 14፣ በ2024 ጁን 28፣ በ2025 ጁን 20። ሕጉ እስከ 2052 ድረስ ያሉትን ቀኖች አስልቶ ዘርዝሯል። ለልጆች ከዚህ የተሻለ የሒሳብ ጥያቄ ምን ይሰጣል? ዝርዝሩን ደብቁና የሚቀጥለው ዓመት መቼ ይውላል በሏቸው። ሁልጊዜ ዓርብ እንደሚውል ብቻ ንገሯቸው።

ማታሪኪ መጽሐፈ ኢዮብ ሰባቱ ከዋክብት የሚላቸው ናቸው፤ በክረምታቸው እምብርት፣ ጁን ወይም ጁላይ ላይ፣ ሊነጋ ሲል በምሥራቅ ብቅ ይላሉ። በሰፊው በሚታወቀው ትምህርት ማኦሪዎች ዘጠኝ ያደርጓቸዋል። ቱፑአኑኩ በመሬት ውስጥ የሚበቅለውን ምግብ ትጠብቃለች፤ ቱፑአራንጊ ከዛፍ ላይ የሚገኘውን፣ ወፉንና ፍሬውን። ዋይቲ የወንዝና የሐይቅ ናት፤ ዋይታ የባሕር። ዋይፑናራንጊ የዝናብ፣ ኡሩራንጊ የነፋስ። ፖሁቱካዋ ሙታንን ታስባለች፤ ሂዋ ለመጪው ዓመት የተመኙትን ትሰማለች፤ ማታሪኪ ራሷ የጤና ናት። ስምንት ዘርፍ ያለውን ሥርዓተ ትምህርት ያረቀቁት ባለሙያዎች ዘርፎቹን ለማገናኘት ስንት ስብሰባ እንደተቀመጡ እንጃ፤ እርሻው፣ ውኃው፣ አየሩ፣ ጤናው፣ ታሪኩ ቀድሞውኑ አንድ ላይ ታስሮ ሰማይ ላይ ተሰቅሏል።

ይህ ዕውቀት እንዴት እንደተረፈ የሚነገረው ታሪክ ደግሞ ለእኛ ቅርብ ነው። ፕሮፌሰር ራንጊ ማታሙአ ተማሪ ሳሉ፣ በ1995፣ አያታቸውን ስለ ማታሪኪ ይጠይቃሉ። አያትየው ተነሥተው ከቁም ሣጥን 400 ገጽ የሆነ የእጅ ጽሑፍ አውጥተው ይሰጧቸዋል። የቤተሰቡ አባቶች ከ1898 ጀምረው እስከ 1933 የጻፉት ነው፤ በማኦሪኛ፣ ወደ 1,000 የሚጠጉ የከዋክብት ስሞች ያሉበት። ማታሙአ ዓመታት አጥንተውት በ2017 መጽሐፍ አወጡ፤ በዓሉ ሲታወጅም የመንግሥት ዋና አማካሪ ሆኑ። ብራና ከሣጥን ሥር ደብቆ ለሚያቆይ አገር ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልግም። የሚያስገርመው የቁም ሣጥኑ ወረቀት በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ ሕዝብ ሁሉ ሥራ ፈትቶ የሚያከብረው በዓል መደገፊያ መሆኑ ነው።

ቴክኖሎጂውስ? ብዙ ሰው ቴክኖሎጂ ሲባል ታብሌት መግዛት ይመስለዋል። በ2018 ኩፑ የሚባል የስልክ መተግበሪያ ወጥቶ ነበር፤ ካሜራውን ጫማ ላይ ስትደቅን ጫማ የሚለውን ማኦሪኛ ይሰጥሃል። ልጆች ወደውታል፤ እኔም እወደው ነበር። ነገር ግን ያው የበሩ ላይ ጽሑፍ ነው፣ ስልክ ውስጥ የገባ። ከዚያ ይልቅ ልጆቹ የጨረቃ መቁጠሪያውን ራሳቸው ይሥሩት። ስክራች የሚባለው የልጆች የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ማኦሪኛ ይናገራል፤ ትእዛዞቹን ሁሉ በዚያ ቋንቋ ማየት ይቻላል። (አማርኛም ይናገራል፤ የእኛ ትምህርት ቤቶች ልብ ይበሉልኝ።) ሠላሳ ሌሊት፣ ሠላሳ ስም፣ አንዱን ሲነኩት የጨረቃዋ ቅርጽ ይመጣል፤ ዛሬ መረብ ይጣል ወይስ ይተኛ ብሎ ይመልሳል። «እንዲህ ከሆነ እንዲያ አድርግ» የሚለው የፕሮግራም ሰዋስው ማራማታካው ውስጥ ከድሮም ነበረ። ልጁ የዓሣ አጥማጆችን ሕግ ወደ ኮምፒውተር ሲያስገባ ሁለተኛው ግብ ተፈጸመ፤ በማኦሪኛ ስለገባ አንደኛው ተፈጸመ፤ ሦስተኛው ሳይጠራ መጣ።

ልጆቹ ለመቁጠሪያው የአያቶቻቸውን ድምፅ መቅዳት ሲጀምሩ ግን አንድ ነገር ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በሰሜን ጫፍ፣ ካይታያ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ቴ ሂኩ የሚባል የማኦሪዎች የራዲዮ ጣቢያ አለ። በፒተር ሉካስ ጆንስና በኬኦኒ ማሄሎና መሪነት የንግግር ማወቂያ ፕሮግራም ለመሥራት ሲነሡ ሕዝቡን አንብቡልን ብለው ለመኑ። በአሥር ቀን ውስጥ ወደ 2,500 ሰው ተሳትፎ ከ300 ሰዓት በላይ ንባብ ተሰበሰበ። ያንን ሲያዩ የውጭ ኩባንያዎች ድምፁን ለመግዛት መጡ፤ ጣቢያው አልሸጥም አለ። ቋንቋችንን በዱላ የነጠቀን ሰው አሁን መልሶ በወርሃዊ ክፍያ ሊሸጥልን ነው ወይ የሚል ነው ክርክራቸው። የራሳቸውን የአጠቃቀም ፈቃድ ጽፈው፣ ድምፁ የሰጠው ሕዝብ አደራ ነው አሉ። ፕሮግራሙንም ራሳቸው ሠሩት።

ስለዚህ መምህርቷ ልጆቿን «አያታችሁን ቅዱልኝ» ስትል አያትየዋን ማስፈቀድ የትምህርቱ አካል ነው። ቅጂው የት ይቀመጣል? ማን ይሰማዋል? የትኛው ድርጅት አገልጋይ ኮምፒውተር ላይ ይወድቃል? የአሥር ዓመት ልጅ እነዚህን ጥያቄዎች በአያቱ ድምፅ ላይ ከጠየቀ በኋላ በራሱ ፎቶ ላይ መጠየቁ አይቀርም። የዲጂታል ደኅንነት ተብሎ በተለየ ክፍለ ጊዜ የሚሰጠው ደረቅ ትምህርት ከዚህ በኋላ ቢቀር ቅር አይለኝም።

ይህን ሁሉ የምታስተምር መምህርት መሠልጠን አለባት፤ ሥልጠና ደግሞ ገንዘብ ይፈልጋል፤ አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። መንግሥት በ2040 ቢያንስ መሠረታዊ ማኦሪኛ የሚናገር አንድ ሚሊዮን ሰው ይኑር የሚል ግብ አስቀምጧል። በ2018ቱ ቆጠራ ማኦሪኛ መናገር እችላለሁ ያለው ወደ 186,000 ሰው ነበር፤ ከሕዝቡ 4 በመቶ። የቀረውን ማን ያስተምር? መልሱ መምህሩ ነው፤ መምህሩን ማን ያስተምር ተብሎ ደግሞ ቴ አሁ ኦ ቴ ሬኦ ማኦሪ የሚባል ሥልጠና ተቋቋመ። የእኛን መምህርት ዓይነት ብዙዎች ተምረውበታል። በሴፕቴምበር 2024 የትምህርት ሚኒስትሯ ኤሪካ ስታንፎርድ ከዚህ ሥልጠና 30 ሚሊዮን የኒው ዚላንድ ዶላር ተነሥቶ ለሒሳብ መልመጃ መጻሕፍትና ቁሳቁስ እንዲውል አደረጉ። ምክንያታቸው ሥልጠናው ለተማሪው ውጤት ምን እንዳመጣ በቁጥር አልታየም፣ የልጆቹ ሒሳብ ደግሞ ወድቋል የሚል ነው። የሒሳቡ መውደቅ እውነት ነው፤ መጻሕፍቱም ያስፈልጋሉ፤ አልከራከርም።

የምከራከረው ከየት ተነሥቶ የት ገባ በሚለው ላይ ነው። ቅጹ ላይ ማኦሪኛ አንድ ሣጥን፣ ሒሳብ ሌላ ሣጥን ስለሆነ ገንዘቡ ከአንዱ ወደ ሌላው ተገለበጠ። ዊሮን ከራካውኑይ ለይቶ፣ 354ን ከ365 ቀንሶ፣ የሚቀጥለው ዓመት በዓል የሚውልበትን ዓርብ ያገኘ ልጅ የተማረው የትኛውን ነው? መልመጃ መጽሐፉ ይህን ጥያቄ የያዘ አይመስለኝም። መምህርቷም ማኦሪኛውን ካልሠለጠነች ልጆቿን ወደዚያ ጨረቃ አትወስዳቸውም፤ ወደ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ትመለሳለች። እኔ ብጠየቅ 30 ሚሊዮኗን ካለችበት አላነሣም ነበር፤ መጽሐፉንም ከሌላ ኪስ አሳትም ነበር።